መናገሻ ሱባ፣ ዲንሾ ወይስ ካቻ? በተራራ ደን ውስጥ የድንኳን ማደሪያ ለሚመርጡ

ድንኳን ይዞ ወደ ደን ወጥቶ ማደር በከተማ ሰው ዘንድ እየተለመደ መጥቷል። ቦታ ለመምረጥ የሚያማክሩኝ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁኝ «የትኛው ያምራል?» ብለው ነው። ሁሉም ያምራሉ። ከቀትር በኋላ የመናገሻን ጥዶች፣ የዲንሾን ኮሶዎች ወይም የሐረናን ጭጋግ ያየ ሰው አንዱን ከሌላው ለማስበለጥ ይቸገራል። ቦታዎቹ በእርግጥ የሚለያዩት ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ነው። ምን ያህል ይበርዳል? ልብስ ይረጥባል ወይስ ይደርቃል? ውኃው የት ነው? ሰው ሌሊት ቢታመም መኪናው ወዴት ይሄዳል? የድንኳን ማደሪያ የሚመረጠው በእነዚህ ጥያቄዎች ነውና ይህን ንጽጽር የምሠራው ሌሊቱን ይዤ ነው።

የማነጻጽራቸው ቦታዎች ሦስት ናቸው፤ በአዲስ አበባ አቅራቢያ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን፣ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት የሚገኝበት ዲንሾ፣ እና በዚያው ፓርክ ደቡባዊ ክፍል በሐረና ደን ውስጥ ያለው ካቻ። የሰሜን ተራሮችን ሆን ብዬ ትቻቸዋለሁ። ሳንቃ በር፣ ግጭና ጨነቅ ስመ ጥር የድንኳን ሰፈሮች ቢሆኑም የሚጎላባቸው ገደልና የሣር ሜዳ ነው፤ እኔ የምጽፈው ዛፍ ሥር ለማደር ለሚፈልግ ሰው ነው።

አንድ ነገር አስቀድሞ መነገር አለበት። ሦስቱም ቦታዎች ላይ የመንገዱና የአካባቢው ጸጥታ ከወር ወር ሊለወጥ ይችላል። ባለፈው ዓመት ሄዶ የተመለሰ ሰው የነገራችሁ ወሬ አይበቃም። በምትነሱበት ሳምንት ለደኑ ወይም ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደውሉ፤ በዚያ መስመር የሚመላለሱ ሾፌሮችንም ጠይቁ። ሁለቱ የሚነግሯችሁ ካልተስማማ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ አድርጉት።

የብርዱ ሂሳብ

ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ በ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተኩል ገደማ ይቀዘቅዛል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት ብለን እንነሣ። የመናገሻ ሱባ የታችኛው ክፍል ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ስለዚህ ሌሊቱ የአዲስ አበባን ዳርቻ ሌሊት ይመስላል። ዲንሾ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ በሂሳቡ ብቻ ከአዲስ አበባ ከ4 እስከ 5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ካቻ ደግሞ ብዙ ሰው ከሚገምተው በተቃራኒ ወደ 2,400 ሜትር የወረደ ነው። «ባሌ» ሲባል ሁሉም ነገር የሚያንቀጠቅጥ የሚመስለው ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ካቻ ላይ የሚያስቸግረው ርጥበቱ ነው እንጂ ብርዱ አይደለም።

ሂሳቡ ግን ሁሉንም አይናገርም። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ሰማዩ ጥርት ሲል መሬት ቀን የያዘችውን ሙቀት ሌሊት ትለቀዋለች፤ ቀዝቃዛው አየር ከባድ ስለሆነ ቁልቁል ወርዶ ሜዳና ሸለቆ ውስጥ ይተኛል። ዲንሾ ላይ ውርጭ የሚጥለው በዚህ ምክንያት ነው። እዚያው ዲንሾ፣ በዚያው ሌሊት፣ ክፍት ሣር ላይ የተተከለ ድንኳን ንጋት ላይ በነጭ ውርጭ ተሸፍኖ ሊገኝ፣ ኮረብታው ላይ ከዛፍ ሥር ያለው ግን ጤዛ ብቻ ይዞ ሊያነጋ ይችላል። ቅጠሉ ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት በከፊል ስለሚያስቀር ነው። እንግዲህ ዲንሾ የደረሰ ሰው የመጀመሪያ ሥራው ከሜዳው ውበት ዓይኑን አንሥቶ ትንሽ ከፍ ያለና ዛፍ የሚጠጋው ቦታ መፈለግ ነው።

ዛፍ ሥር ስል ግን የትኛውም ዛፍ ማለቴ አይደለም። ያረጀ ኮሶ ውስጡ ባዶ እየሆነ ይሄዳል፤ ወፋፍራም ቅርንጫፎቹም ነፋስ በሌለበት ሳይቀር ይወድቃሉ። ካስማ ከመምታታችሁ በፊት ቀና በሉና ተመልከቱ። ቅጠል የሌለው፣ ቅርፊቱ የተላጠ ቅርንጫፍ በላያችሁ ካለ ድንኳኑን ሌላ ቦታ ትከሉት።

መናገሻ ሱባ

ይህ ደን ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በሰበታ በኩል 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በወጨጫ ተራራ ላይ ይገኛል። የተራራው ጫፍ 3,385 ሜትር ነው። ታሪኩን ማወቅ ለቦታው ያለንን አክብሮት ይጨምራል፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። በአገራችን ደን ሲመነጠር ለኖረበት ረጅም ዘመን ይህ ተራራ ልብሱን እንደለበሰ መቆየቱ ትልቅ ነገር ነው። ከታች ጥድ፣ ዝግባና ወይራ ይበዛል፤ ወደ ላይ ሲወጣ ኮሶው፣ ከዚያም አስታው ይጀምራል።

የመናገሻ ዋና ጥቅሙ ለስህተት ቦታ መስጠቱ ነው። ድንኳኑ ቢያፈስ፣ ልጅ ቢታመም፣ ምግብ ቢረሳ፣ ከተማው ቅርብ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ድንኳን የሚተክል ሰው፣ በተለይም ትንንሽ ልጆች ያሉት ቤተሰብ፣ ከዚህ ቢጀምር ይሻላል የምለው ለዚህ ነው። ከፍታው ለአዲስ አበባ ሰው አዲስ አይደለም። ንጋት ላይ ጉሬዛዎች ከዛፍ ዛፍ የሚመላለሱት ጎርናና ረጅም ድምፅ አለ፤ አንዱ ቡድን ሲጀምር ከማዶ ሌላው ይመልሳል። ልጆች ይህን ከድንኳን ውስጥ ሆነው ሲሰሙት ለምን እንደመጡ ማንም ሳይነግራቸው ይገባቸዋል። ዕድል ከቀናችሁ የምኒልክ ድኩላም ታያላችሁ።

ጉድለቱ መንገዱና ግርግሩ ነው። ከአስፋልቱ የምትገነጠለው የጥርጊያ መንገድ በዝናብ ጊዜ ትጨቀያለች፤ ዝቅ ያለ የቤት መኪና በክረምት ባትሞክሩት እመክራለሁ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ለሽርሽር የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። ትልቅ ድምፅ ማጉያ ይዘው ደን ውስጥ የሚጨፍሩ አሉ። ይህ በእጅጉ ያሳዝነኛል። ለዱር እንስሳቱም፣ ጸጥታ ፈልጎ ለመጣው ሰውም በደል ነው። የምትችሉ ከሆነ በሥራ ቀን ሂዱ፤ ደኑ በሥራ ቀንና በእሑድ ፈጽሞ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ናቸው።

ዲንሾ

ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሻሸመኔም ሆነ በአሰላ በኩል ብትሄዱ ዶዶላና አዳባን አልፋችሁ ትደርሳላችሁ፤ ቀኑን ሙሉ የሚወስድ ጉዞ ነው። ማታ ደርሶ በጨለማ ድንኳን መትከል መጥፎ አጀማመር ስለሆነ ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሡ። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። የመግቢያው፣ የድንኳኑና የአስጎብኚው ክፍያ የሚፈጸመው ዲንሾ ባለው ዋና ጽሕፈት ቤት ነው። ደረሰኙን አትጣሉት፤ ወደ ካቻም ብትቀጥሉ ያስፈልጋችኋል።

ዲንሾን ከሌሎቹ ሁለቱ የሚለየው እንስሳቱን ፍለጋ መሄድ አለማስፈለጉ ነው። በጽሕፈት ቤቱ ዙሪያ ያለው የጥድና የኮሶ ደን ትንሽ ቢሆንም ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም የማይገኘው የደጋ አጋዘን ውሎው እዚያ ነው። ወንዱ ቀንዱን ወደ ኋላ ጥሎ በዛፎቹ መካከል ቆሞ ያያችኋል፤ ካልተጠጋችሁት አይሮጥም። ከርከሮውም የፊት እግሮቹን አጥፎ በጉልበቱ ተንበርክኮ ሣር ሲግጥ ከድንኳናችሁ በር ላይ ሆናችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። ምግብ አትስጡት። አንድ ጊዜ የሰው ምግብ የለመደ ከርከሮ በኋላ ድንኳን የሚቀድድ ከርከሮ ይሆናል፤ ጥፋቱ የእንስሳው አይደለም።

ከዲንሾ በእግር ወይም በፈረስ ወደ ጋይሳይ ሜዳና ወደ ወይብ ሸለቆ መውጣት ይቻላል። በፓርኩ ውስጥ ያለ አስጎብኚ መንቀሳቀስ አይፈቀድም፤ ቢፈቀድም ባልመከርኩ። ጭጋግ ድንገት ሲወርድ ሸለቆና ሸለቆ ይመሳሰላል፤ የአካባቢው ልጅ ግን በድንጋዩና በወንዙ ድምፅ መንገዱን ያውቃል። አብዛኛው ነዋሪ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ነውና «አካም ጂርቱ» ብሎ ሰላምታ መስጠት፣ «ገለቶማ» ብሎ ማመስገን ልመዱ። ፊት ይፈታል።

የዲንሾ ፈተና ብርዱ ብቻ ነው። እርሱን በመኝታ ልብስ ካሸነፋችሁት ሌላው ሁሉ የተመቻቸ ነው፤ ከተማው በእግር የሚደረስ ነው፣ እንቁላልና ዳቦ ይገዛል፣ ድንገት ሰው ቢታመም ሮቤና ጎባ በአስፋልት ይደረሳሉ።

ካቻ

ወደ ካቻ የሚወስደው መንገድ ራሱ ጉዞ ነው። ከጎባ ተነሥቶ ሳነቴ አምባ ላይ ይወጣል፤ በአፍሪካ ካሉት በጣም ከፍተኛ የመኪና መንገዶች አንዱ ነው። አምባው 4,000 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን በስተግራችሁም በስተቀኛችሁም ጅብራና ድንጋይ ብቻ ነው። ቀይ ቀበሮ የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ በዓለም ላይ የቀሩት 500 ገደማ ሲሆኑ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት በባሌ ነው። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ከፍ ብሎ ከመንገዱ ዳር ይታያል። ከዚያ አምባው ድንገት ያልቅና መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ሐረና ደን ይወርዳል። በአጭር ጊዜ ውስጥ ከ1,500 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። መጀመሪያ አስታው ይመጣል፤ ከቅርንጫፉ እንደ ሽማግሌ ጢም የተንዠረገገው የዛፍ ሽበት ሁሉ ውኃ ያንጠባጥባል። ከዚያ ሪራ መንደር፣ ከዚያ ቀርከሃው፣ ከዚያ ሰማይ የማያሳየው ትልቁ ደን። ካቻ ከሪራ ትንሽ ዝቅ ብሎ ዛፎች የከበቡት ሜዳ ነው።

እዚህ ላይ አገልግሎት የሚባል ነገር እምብዛም አትጠብቁ። ያለው ሣሩ፣ ዛፉና ድምፁ ነው። በቀርከሃው ውስጥ ከዚህ አካባቢ ውጭ ብዙም የማይታወቀው የባሌ ጦጣ ይኖራል። ደኑ ውስጥ አንበሳ አለ፤ አብዛኛው ጎብኚ ባያየውም የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ካቻ ላይ ያለ ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ማደር የለም፤ ሌሊት መጸዳጃ ለመሄድም ቢሆን ባትሪ ይዞ፣ ሰው ቀስቅሶ ነው። ዝናብ ካቆመ በኋላ የእንቁራሪቶቹ ድምፅ ከሁሉም አቅጣጫ ይመጣል፤ ከእነርሱ መካከል ከሐረና ውጭ በየትም የሌሉ ዝርያዎች አሉ። ይህን ድምፅ የሰማ ሰው ስለ ደን ሲነገር አስተሳሰቡ ይለወጣል ብዬ አምናለሁ። ደን ማለት ዛፍ ብቻ አለመሆኑ በጆሮ ይገባል።

ከዚሁ ደን ዝቅ ብሎ ቡናው በዱር ይበቅላል፤ ከዛፎቹ ላይም የነዋሪዎቹ ባህላዊ የንብ ቀፎዎች ተሰቅለው ታያላችሁ። የሐረናን ማር ከባለቤቱ እጅ ግዙ። ደኑ በቆመበት ገቢ የሚያገኝ ሰው ደኑን ይጠብቃል፤ ከእኛ የሚጠበቀው ዋጋ ሳንከራከር መክፈል ነው።

አሁን ወደ ፈተናው ልምጣ። ሐረና ርጥበቱን የሚያገኘው ከሕንድ ውቅያኖስ ከሚመጣው ነፋስ ስለሆነ የዝናቡ ወራት ከመካከለኛው አገር ይረዝማሉ፤ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃሉ ብሎ ማሰብ ይሻላል። በበጋም ቢሆን ከቀትር በኋላ ጭጋጉ ይገባል። የታጠበ ካልሲ አይደርቅም። የጥጥ ጋቢ ማታ ደረቅ ሆኖ ንጋት ላይ ከብዶ ይገኛል። የናይለን ገመድ ሲረጥብ ስለሚለጠጥ ጥሩ አድርጋችሁ የወጠራችሁት ድንኳን እኩለ ሌሊት ላይ ይረግባል፤ የውጭው ሽፋን ከውስጡ ጨርቅ ጋር ከተነካካ ውኃው ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ከመተኛታችሁ በፊት ገመዶቹን ዞር ብሎ እንደገና መወጠር የካቻ ግዴታ ነው። ዝናቡ ካቆመ በኋላም ዛፎቹ ለረጅም ሰዓት ያንጠባጥባሉና ከዲንሾው ምክር በተቃራኒ እዚህ ድንኳኑን ከቅርንጫፍ ሥር ሳይሆን ከሜዳው ዳር፣ ውኃ የማይቋጥር ትንሽ ተዳፋት ላይ ትከሉት። በዙሪያው ቦይ መቆፈር ድሮ የተለመደ ነበር፤ ሣሩን ስለሚገድልና አፈሩን ስለሚያስሸረሽር አታድርጉት። በርጥብ ደን ውስጥ የጉንዳን መንገድም አለ፤ ካስማ ከመምታት በፊት መሬቱን ዞር ዞር ብሎ ማየት ሌሊቱን ሙሉ ከመነሣት ያድናል።

ሌላው ጉዳይ የሕመም ነገር ነው። ካቻ ላይ ሰው ቢታመም ወደ ጎባ ሆስፒታል ለመድረስ መኪናው ተመልሶ 4,000 ሜትሩን አምባ በሌሊት መሻገር አለበት። የመተንፈሻ ሕመም ላለበት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አስም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ጨቅላ ሕፃን የያዘ ሰው ካቻን ለቀን ጉብኝት ይሂድበት፤ ለአዳር ግን ዲንሾ ይበቃዋል።

ከውጭ አገር ለእረፍት ለሚመጡ

ከዱባይ፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከባሕር ጠለል ከማይርቁ የአሜሪካ ከተሞች የሚመጣ ወገን በማግሥቱ ባሌ ልውጣ ቢል ራስ ምታቱና እንቅልፍ ማጣቱ ጉዞውን ሊያበላሽበት ይችላል። «አገሬ ነው፣ ለምጄዋለሁ» አይሠራም፤ ደም ከፍታን የሚለምደው በቀናት ውስጥ ነው፣ ሲርቁትም ይረሳዋል። ሁለት ሦስት ሌሊት አዲስ አበባ አድሮ ከዚያ ዲንሾ መውጣት ይሻላል። ሳነቴን በቀን አቋርጦ ማለፍና ሳነቴ ላይ ማደር እጅግ ይለያያሉ፤ መጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ ሰው ማለፉ ብቻ ይበቃዋል። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ማስመለስ ወይም መንገዳገድ ከተጨመረበት መድኃኒቱ ሳይዘገዩ መውረድ ነው።

ድንኳኑና መኝታው

ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ድንኳን በብዛት ይታያል። አንደኛው ባለ አንድ ሽፋን፣ ሲወረወር በራሱ የሚቆም ርካሽ ድንኳን ነው። ሁለተኛው ውስጡ አየር የሚያስወጣ ጨርቅ፣ ውጭው ውኃ የማያስገባ ሽፋን ያለው ባለ ሁለት ድርብ ነው። የመጀመሪያው ለመናገሻ ሱባ በበጋ ይበቃል። ለሌሎቹ ሁለቱ ግን አይሆንም። ሰው ሌሊቱን ሙሉ የሚተነፍሰው እንፋሎት ቀዝቃዛውን ጨርቅ ሲነካ ወደ ውኃ ይለወጣል፤ ባለ አንድ ሽፋኑ ላይ ያ ውኃ የሚንጠባጠበው ፊታችሁ ላይ ነው። ብዙ ሰው ድንኳኑ አፈሰሰ ብሎ የሚያማርረው በእርግጥ የራሱን ትንፋሽ ነው። ባለ ሁለት ድርቡም ቢሆን የአየር መውጫው ካልተከፈተ ያው ነው፤ በብርድ ምክንያት ሁሉንም ቀዳዳ መድፈን የተለመደው ጥፋት ነው። የውጭው ሽፋን ውኃ የመቋቋም አቅም በሚሊ ሜትር ይጻፋል፤ ለካቻ 3,000 የተጻፈበትን ፈልጉ፣ ለዲንሾ በጋ ከዚያ ያነሰውም ይሆናል።

ከድንኳኑ በላይ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ግን ከሥር የሚነጠፈው ነው። ብርድ በአብዛኛው የሚመጣው ከመሬት ነው። የምንተኛበት ልብስ በክብደታችን ስለሚጨፈለቅ ከሥራችን ሙቀት መያዙን ያቆማል፤ ስለዚህ ሦስት ብርድ ልብስ ደርቦ ቀጭን ምንጣፍ ላይ የሚተኛ ሰው ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል። በአየር የሚነፋ የባሕር ዳርቻ ፍራሽ ደግሞ ውስጡ ያለው አየር እየቀዘቀዘ ሙቀት ይሰርቃል። ጠጣር ስፖንጅ ምንጣፍ ሁለት ደርቦ ማንጠፍ ከእርሱ ይበልጣል።

የመኝታ ከረጢት ስትገዙ ወይም ስትከራዩ ከላዩ ላይ የሚጻፉት ቁጥሮች ሁለት ሦስት ናቸው። በትልቁ የሚጻፈው አንዳንድ ጊዜ ሰው በሕይወት የሚተርፍበት የመጨረሻው ብርድ ነው፤ የሚያስተኛችሁ «ምቾት» የሚለው ቁጥር ነው። ለዲንሾ በጋ ምቾቱ ዜሮ ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ይሁን። ከረጢት የሌለው ሰው የመንዝ የበግ ጠጉር ባና ካገኘ ደስ ይበለው፤ ሱፍ ቢረጥብም በከፊል ሙቀት ይይዛልና ለካቻ ከጋቢም ከቡሉኮም ይሻላል። ለመናገሻ ጋቢው በቂ ነው።

እሳትና ምግብ

ከሰል ማንደጃ ድንኳን ውስጥ አይገባም። የጋመ፣ የማያጨስ፣ «ጭሱ አልቋል» የተባለም ቢሆን አይገባም። ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ሰውን እንቅልፍ ላይ እንዳለ ይገድላል። በቤት ውስጥ በየዓመቱ ቤተሰብ የሚያሳጣን ነገር በትንሽ ድንኳን ውስጥ የሚፈጀው ጊዜ በጣም አጭር ነው። የበረደው ሰው ውኃ አፍልቶ በጠርሙስ ሞልቶ፣ በካልሲ ጠቅልሎ ከእግሩ ሥር ያድርግ።

ለማብሰል የማገዶ እሳት፣ ቡታጋዝና የላምባ ምድጃ ይወዳደራሉ። ማገዶውን የምቃወመው በሦስቱም ቦታ ነው። የወደቀ ደረቅ ግንድ እንኳን የደኑ ነው፤ እንጉዳዩም፣ ነፍሳቱም፣ አፈሩም ከእርሱ ይኖራሉ። በበጋ ደግሞ የጥድና የአስታ ደን በአንድ ፍንጣሪ ይያያዛል። እሳት ካላየሁ አልመሸም የሚል ሰው ከከተማ የተገዛ ባሕር ዛፍ ይዞ፣ ጠባቂዎቹ በሚፈቅዱት ቦታ ብቻ ያንድድ። ትንሿ ቡታጋዝ ለመናገሻና ለካቻ ምርጥ ናት። ዲንሾ ላይ ግን አንድ ነገር እወቁ፤ ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ንጹሕ ቡቴን ከሆነ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ መትነን ስለሚያቆም ንጋት ላይ ምድጃው አልበራ ይላል። ቆርቆሮውን ማታ ከመኝታችሁ ጋር አሳድሩት፣ ወይም ፕሮፔን የተቀላቀለበትን ግዙ። የላምባ ምድጃ ቢከብድም ብርድ አይበግረውም።

ውኃ በ3,100 ሜትር የሚፈላው 90 ዲግሪ ላይ ነው። ምስርና ድንች በቤት ከለመዳችሁት ሰዓት በላይ የሚወስዱት፣ ጋዙም ቶሎ የሚያልቀው ለዚህ ነው። የእኛ የስንቅ ባህል ግን ይህን ችግር ገና ድሮ ፈትቶታል። በሶ እሳት አይፈልግም። ድርቆሽ በፈላ ውኃና በቋንጣ ወጥ ወዲያው ይርሳል። ሽሮ ዱቄት ስለሆነ ቶሎ ይበስላል። ጭኮ በቅቤ የታሸ ስለሆነ ከመኝታ በፊት ቢበላ ሰውነትን ሌሊቱን ሙሉ ያሞቃል። ከሱፐርማርኬት ውድ የታሸገ ምግብ ከመሰብሰብ ይህን ብታዘጋጁ እጅግ ይሻላል። የምንጭና የወንዝ ውኃ በዚህ ከፍታ ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ፤ ከብት የማይወርድበት ምንጭ በሦስቱም አካባቢ የለም ብላችሁ አስቡ። ውኃ አጋር የተባለው የውኃ ማከሚያ ካላችሁም በመመሪያው መሠረት ተጠቀሙበት።

የቱ ለማን?

ሁለት ቀን ብቻ ያለው፣ ልጆች የያዘ ወይም ድንኳኑን ገና የሚሞክር ሰው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ መናገሻ ሱባ ይሂድ። የዱር እንስሳ በቅርብ ማየት የሚፈልግ፣ ብርድ የማይፈራና ጥሩ መኝታ ያለው ሰው ዲንሾ ይሂድ። ፎቶ ለማንሣት የሚሄድም ዲንሾ ይሻለዋል፤ የማለዳው ብርሃን በኮሶው መካከል ሲገባ ካቻ ገና ጭጋግ ውስጥ ነው። ካቻ ደግሞ ከዚህ በፊት በዝናብ ድንኳን ውስጥ አድሮ ለሚያውቅ፣ ባለ ሁለት ድርብ ድንኳንና አራቱም ጎማዎቹ የሚጎትቱ መኪና ላለው ነው። ለእኔ ከሦስቱ የሚበልጥብኝ ካቻ ነው፤ ሆኖም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣን ሰው በቀጥታ ወደዚያ አልልክም።

አምስት ቀን ያለው ሰው ሁለቱን ባሌዎች ቢያጣምር ይሻላል። የመጀመሪያው ቀን ለመንገድ ነው፤ ዲንሾ ሁለት ሌሊት አድሮ ከፍታውን መልመድ፣ በሦስተኛው ቀን ማለዳ ሳነቴን በቀን ብርሃን አቋርጦ ካቻ መውረድና አንድ ሌሊት ማደር፣ በአራተኛው ቀን በዚያው መንገድ ተመልሶ ሮቤ ወይም ጎባ በሆቴል አልጋ ላይ ማረፍ፣ በአምስተኛው ወደ አዲስ አበባ መንዳት። ከካቻ የምትነሡት ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ይሁን፤ ከቀትር በኋላ ሳነቴ ላይ ጭጋግ ሲወርድ መንገዱን ከገደሉ መለየት ይከብዳል። የረጠበውን ድንኳን ሳታደርቁ አጣጥፋችሁ ከያዛችሁት ጎባ ላይ አውጥታችሁ ፀሐይ አስመቱት፣ ቤት እስክትደርሱ ከቆየ ይሻግታልና።